ዞሮ ዞሮ ከድንጋዩ

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የላሟ በረት ከፈረሰ ቆየ፤ አሁን መኪና ይቆምበታል። እናንተም እንደ ዘመኑ «የመኪና በረት!» በሉኝ። አላችሁ? ጎሽ! እንግዲህ እንሂድ፤ መንገድ ካገኘን።

አንዲት ከተማ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ «የኛ ናት»፣ «የለም የኛ ናት» እያላችሁ ትጣሉብኛላችሁ። ይህች ከተማ በየዕለቱ ታድጋለች። ወደ ላይ ታድጋለች፣ ወደ ጎን ታድጋለች፤ መንገዷ ብቻ እንደተወለደ ቀርቷል። በመሃሏ፣ ከገበያው አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን ቅያስ አለች። በቅያሷ ውስጥ እትዬ ወርቅያንጥፉ ትኖራለች። ስሟ ወርቅ ያንጥፉ ይላል፤ ደጇ ላይ ግን እንኳን ወርቅ ኮብልስቶንም አልተነጠፈም። ሰፈርተኛው ባጭሩ እትዬ ወርቄ ይላታል። ምላሷን ሁሉም ይፈራዋል፤ ሲቸግረው ደግሞ ሁሉም እሷው ዘንድ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የእትዬ ወርቄ ልጅ ሜላት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሐኪሟ አስቀድማ «ልጁ በእግሩ ነው ያለው፤ ምጥ እንደጀመራት ሳይውል ሳያድር አምጧት» ብላ አስጠንቅቃለች። ባሏ ደግሞ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ለአምቡላንስ ተደወለ፤ እሱም አደባባዩ ጋ ታግቶ ይጮሃል። ጎረቤታቸው ጋሽ ደርቤ አሮጌ ላዳውን አስነሳ፣ ሜላትን ከኋላ አስተኛ፣ እስከ ቅያሷ አፍ ነዳና ቀጥ አለ። ቅያሷ አፍ ላይ አንዲት ነጭ ቪትዝ ተወትፋለች። ውስጧ ሰው የለም።

እትዬ ወርቄ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። አስፋልት ይነጠፍልኝ አላለች፣ ድልድይ ይሠራልኝ አላለች። ላዳዋ የምትሾልክበት ክፍተት ብቻ!

«በጓሮው በኩል እኮ...» ብሎ ጋሽ ደርቤ አፉን ከፈተ። እትዬ ወርቄ ግን ሰው አስጨርሳ አታውቅም፤ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ሄዳለች። የጓሮው መውጫ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

«የዚች ነጭ መኪና ባለቤት! በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ከፀጉር ቤቱ አንድ ጎልማሳ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሽ ፊቱን አረፋ እንደተቀባ ብቅ አለ። «የኔ ናት እናቴ። ለጊዜው ነው ያቆምኳት።»

«ልጄ ምጥ ይዟታል! አንሳልኝ!»

«ውይ፣ ማርያም ትቅረባት! እኔማ ባነሳ ደስ ይለኛል። ግን ያ ሚኒባስ ከፊቴ ተገትሯል፤ እሱ ሳይሄድ በየት ልውጣ? ለሱ ይንገሩት።» ብሎ ወደ ቀረው ጢሙ ተመለሰ።

እትዬ ወርቄ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «የሞላ! አንድ ሰው! የሞላ አንድ ሰው!» ይላል።

«ስማ አንተ ልጅ» አለችው። «ሚኒባሱ ካልሄደ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ላዳዋ አትወጣም፤ ላዳዋ ካልወጣች ልጄ ሐኪም ቤት አትደርስም! ሂድልኝ!»

«ግቢ ማዘር፣ ግቢ! አንቺን ብቻ ነበር የምንጠብቀው!»

«እኔ ልሂድ አልወጣኝም! አንተ ሂድ ነው ያልኩህ!»

«ኧረ እኛም ለጊዜው ነው የቆምነው» አለ ረዳቱ አንገቱን እያከከ። «አይሱዙው ነው ማዘር። ከፊታችን ቆሟል፤ ሲሚንቶውን ካላራገፈ አይንቀሳቀስም። ለሱ ንገሪው።»

ወይ ጉድ! እትዬ ወርቄ ወደ አይሱዙው ገሰገሰች። ሾፌሩ እግሩን መስኮት ላይ ሰቅሎ ለውዝ ይፈለፍላል።

«አንተ ሾፌር! አይሱዙው ካላራገፈ ሚኒባሱ አይሄድም፤ ሚኒባሱ ካልሄደ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ላዳዋ አትወጣም፤ ላዳዋ ካልወጣች ልጄ ሐኪም ቤት አትደርስም! አራግፍልኝ!»

ሾፌሩ እግሩን አወረደ፤ ያሳደገው ሰው አለ ማለት ነው። «እትዬ፣ እኔስ መች ጠላሁ? ለጊዜው ብዬ ቆሜ ነው የዋልኩት። ማራገፊያዬ ላይ ያቺ ልጅ ካልሲ ዘርግታበታለች። ሲሚንቶ ካልሲ ላይ ልጫን? እሷ ትነሳ፣ እኔ አራግፋለሁ። ይለመኗት።»

ካልሲ ሻጯ ከአስፋልቱ ዳር ሸራ አንጥፋ ተቀምጣለች። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር፣ የሕፃን፣ የአዋቂ፣ ሁሉም አለ። «ካልሲ ካልሲ! ብርድ መጣ! ካልሲ!»

«የኔ ልጅ» አለች እትዬ ወርቄ። «ካልሲ ሻጯ ካልተነሳች አይሱዙው አያራግፍም፤ አይሱዙው ካላራገፈ ሚኒባሱ አይሄድም፤ ሚኒባሱ ካልሄደ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ላዳዋ አትወጣም፤ ላዳዋ ካልወጣች ልጄ ሐኪም ቤት አትደርስም! ተነሽልኝ እናቴ!»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ሰደደችና ከሁሉም ትንሿን፣ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ካልሲ አንስታ እትዬ ወርቄ መዳፍ ላይ አደረገች። «ለሕፃኑ። እኔም ወልጄ አውቀዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ትነሻለሽ?»

«እንዴት ልነሳ እማዬ? ቦታዬ እግረኛው መንገድ ላይ ነበር። ቦይ ቆፈሩበት። እዚህ የተቀመጥኩት ለጊዜው ነው፤ ቦዩን ይድፈኑልኝና ወደ ቦታዬ ልመለስ። ፎርማኑን ይጠይቁት።»

እግረኛው መንገድ የካልሲ፣ አስፋልቱ የእግረኛ፣ ቦዩ የሁሉም! እትዬ ወርቄ ካልሲዋን ጡቷ ሥር ወሸቀችና ወደ ቦዩ ሄደች። ፎርማኑ ቢጫ ቆብ ደፍቶ የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እግሩን ወደ ውስጥ አንጠልጥሎታል፤ አሣ የሚያጠምድ ነው የሚመስለው።

«አንተ ባለ ቆብ! ቦዩ ካልተደፈነ ካልሲ ሻጯ አትነሳም፤ ካልሲ ሻጯ ካልተነሳች አይሱዙው አያራግፍም፤ አይሱዙው ካላራገፈ ሚኒባሱ አይሄድም፤ ሚኒባሱ ካልሄደ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ላዳዋ አትወጣም፤ ላዳዋ ካልወጣች ልጄ ሐኪም ቤት አትደርስም! ድፈንልኝ!»

«ይረጋጉ እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ፎርማኑ።

«እንቁላሉማ ሄዷል! የቀረው መኪናው ነው!»

ፎርማኑ ሳቀና ሳቁን ዋጠው። «እውነት ለመናገር ይህን ቦይ ለጊዜው ነው የቆፈርነው። ቧንቧ ፍለጋ።»

«መቼ ነው የቆፈራችሁት?»

«አምና። ቧንቧው ከማዶ ሆኖ ተገኘ። አሁን እንድፈን ብንል አፈሩን ማዶ ደፍተነዋል፤ እንዳናመጣው ደግሞ ትራፊኩ መንገዱን ዘግቶታል። እሱ ይክፈት እንጂ እኔ አሁኑኑ ነው የምደፍነው።»

ይኼኔ የእትዬ ወርቄ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ደርቤ ነው። «ወርቄ ኧረ ፍጠኚ! ምጡ ገፍቷል። ልጅቷ እማዬን ጥሩልኝ ትላለች። እኔ ደግሞ በጓሮው በኩል ልልሽ...»

«መጣሁ በላት!» ብላ ዘጋችው። ሰው ፊት አላለቅስም ብላ የኖረች ሴት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ እያለቀሰች ሮጠች። ልጇ ብትሞትባትስ? ልጁ ቢታፈንስ? በቪትዝ ምክንያት! በካልሲ ምክንያት!

አደባባዩ ጋ ስትደርስ ያየችውን ማመን አቃታት። መኪናው ሁሉ በአራቱም ማዕዘን ተፋፍጎ ጡሩምባ ይነፋል፤ መሃሉ ላይ ግን ሰፊው መንገድ ጭር ብሏል። አንድ ውሻ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ትራፊክ ፖሊሱ ቆሟል፤ ፊሽካው አፉ ላይ ነው።

«ልጄ!» አለችው እያለከለከች። «መንገዱ ካልተከፈተ ቦዩ አይደፈንም፤ ቦዩ ካልተደፈነ ካልሲ ሻጯ አትነሳም፤ ካልሲ ሻጯ ካልተነሳች አይሱዙው አያራግፍም፤ አይሱዙው ካላራገፈ ሚኒባሱ አይሄድም፤ ሚኒባሱ ካልሄደ... ሚኒባሱ ካልሄደ...»

«ቪትዟ አትነሳም!» አለ ከኋላዋ አንድ ሎሚ አዟሪ፤ ከቦዩ ጀምሮ ሲከተላት ኖሯል።

«ተባረክ! ቪትዟ ካልተነሳች ላዳዋ አትወጣም፤ ላዳዋ ካልወጣች ልጄ ሐኪም ቤት አትደርስም! ክፈትልኝ!»

ትራፊኩ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «እናቴ፣ ያሳዝኑኛል። ግን ለጊዜው ነው የዘጋሁት። እንግዳ ሊያልፍ ነው።»

«የምን እንግዳ?»

«ትልቅ እንግዳ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ስለ ትራፊክ ፍሰት ንግግር ሊያደርጉ ነው የሚመጡት።»

«ታዲያ የት አሉ?»

ትራፊኩ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲመጡ መንገዱ ተዘግቶ አገኙትና በገበያው ጀርባ ዞሩ።»

«ማን ነው የዘጋው?»

«እኔ።»

«ለማን ብለህ?»

«ለሳቸው።»

እትዬ ወርቄ ጭር ወዳለው መንገድ ጠቆመች። «ክፈተዋ ታዲያ!»

«እንግዳው ሳያልፍ አትክፈት ተብያለሁ። አለፈ የሚለውን ስሰማ ነው የምከፍተው።»

በገበያው ጀርባ፣ በሽንኩርት ተራ፣ በጭቃው፣ በአህያው መሃል እትዬ ወርቄ ሮጠች። አንድ እግር ጫማዋ ወለቀ፤ ዞር ብላም አላየችው። ከጠባቧ መንገድ ጫፍ አንድ ጥቁር መኪና ቆሟል። ከፊቱ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል አጃቢ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን አጣምሯል። እንግዳው ከመኪናቸው ወርደው በንግግራቸው ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ።

«ጌታው!» አለች። «በሚወዱት ይዤዎታለሁ፣ ይስሙኝ! እንግዳው ካላለፈ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ ቦዩ አይደፈንም፤ ቦዩ ካልተደፈነ ካልሲ ሻጯ አትነሳም፤ ካልሲ ሻጯ ካልተነሳች አይሱዙው አያራግፍም፤ አይሱዙው ካላራገፈ ሚኒባሱ አይሄድም፤ ሚኒባሱ ካልሄደ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ላዳዋ አትወጣም፤ ላዳዋ ካልወጣች ልጄ ሐኪም ቤት አትደርስም! ይለፉልኝ!»

እንግዳው ማራገባቸውን አቆሙ። «ግሩም ጥናት ነው! እኔ የያዝኩት ንግግር እንኳ እንዲህ አልተያያዘም። ማን ነው ያጠናው?»

«እግሬ! ይልቅ ይለፉልኝ!»

«እኔማ ባልፍ ምን ገዶኝ እናቴ። እዚህ የቆምኩት ለጊዜው ነው። ይኸው ድንጋይ ዘጋኝ።»

ከመኪናው ፊት፣ ከአንዲት ቅያስ አፍ ላይ፣ ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ ተቀምጧል። ነጭ ኖራ ተቀብቷል።

«አንሱታ!» አለች።

«አይነሳም» አለ አጃቢው። «ኖራ የተቀባ ነው። ኖራ የተቀባ ድንጋይ የመንግሥት ነው። የመንግሥት ድንጋይ ያለ ትእዛዝ አይነካም።»

እትዬ ወርቄ ወደ እንግዳው ዞረች። «መንግሥት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ» አሉ እንግዳው አቀርቅረው። «ግን ድንጋይ የሌላ ዘርፍ ነው። የሚመለከተው እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።»

«የሚመለከተው ማን ይሆን?» ብላ ድንጋዩን አየችው። ከድንጋዩ ወዲያ ቅያሷን አየች። በቅያሷ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አየች፤ ከበሩ በላይ የተሰጣ የራሷን አንሶላ አየች። ከዚያ ወዲያ፣ በሌላኛው ጫፍ፣ የጋሽ ደርቤ ላዳ ቂጧን ሰጥታ ቆማለች። ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይኼ ነው!

ድንጋዩ የሷ ነው። ካቻምና ነው። በርበሬዋን ደጇ ላይ አስጥታ አንድ መኪና ገባና ጎማውን አንከባለለባት። እልህ ያዛት። በርበሬው እስኪደርቅ ብላ፣ ለጊዜው ብላ፣ ጋሽ ደርቤን አስገድዳ ድንጋዩን በጓሮው መውጫ ላይ አንከባለለችው። ከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ የመንግሥት እንዲመስል፣ ለቤቷ ግድግዳ ከገዛችው ኖራ የተረፈውን ቀባችው። በርበሬው ደረቀ። ተወቀጠ። ተበላ። ድንጋዩ ግን እዚያው ቀረ፤ እሷም ረሳችው። ሰው የሌላውን ድንጋይ ሲያይ ይውላል እንጂ የራሱን መቼ ያያል።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ የመንግሥት ነው ተብሎለት የለ? ከቅያሷ ውስጥ ግን የሜላት ጩኸት ተሰማ።

«የኔ ነው!» አለች። «የሚመለከተው እኔን ነው! ኖራውንም እኔ ነኝ የቀባሁት! በሉ ኮትዎን ያውልቁና አብረን እንግፋ!»

እንግዳው አጃቢውን አዩ፣ አጃቢው እንግዳውን አየ። እንግዳው ኮታቸውን አወለቁ። እትዬ ወርቄ ገፋች፣ እንግዳው ገፉ፣ አጃቢው ገፋ፣ ሎሚ አዟሪው ሎሚውን አስቀምጦ ገፋ። ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ ተነቀለ፣ ተንከባሎ ዳር ያዘ።

«ደርቤ!» ብላ አምባረቀች። «በጓሮ ና! በጓሮ!»

«እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩሽ ነው!» አለ ጋሽ ደርቤ፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ላዳዋን ወደ ኋላ እያንደረደረ መጣ።

«እሺ፣ አሁን እኛ እንለፍ» አለ አጃቢው ሞተሩን አስነስቶ። «መንገዱ የተዘጋው ለእንግዳ ነው። የታዘዝኩትም እንግዳ እንዳጅብ ነው።»

«እንግዳስ ይኸውልህ!» አለች እትዬ ወርቄ በላዳዋ መስኮት የሜላትን ሆድ እያሳየች። «ዓለምን አይቶ የማያውቅ፣ ማንም ስሙን የማያውቀው፣ ገና አሁን የሚመጣ! ከዚህ የበለጠ ምን እንግዳ አለ?»

አጃቢው እንግዳውን አየ። እንግዳው ሜላትን አዩ። «እውነቷን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዳው እሱ ነው። አጅበው።»

«እርስዎስ ጌታዬ?» አለ አጃቢው።

«እሳቸው ለጊዜው እዚህ ይቀመጡ!» አለች እትዬ ወርቄ፤ ላዳዋ ውስጥ ገባች፣ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። እንግዳውም ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

ጥቁሩ መኪና ዳር ይዞ አሳለፋቸው፤ ሞተሩ ከፊት እየጮኸ፣ ላዳዋ ከኋላ እያጨሰች አደባባዩ ደረሱ። ውሻው ተነሳ። ትራፊኩ ውስጧ ማን እንዳለ ሳያይ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ጋሽ ደርቤም ዕድሜውን ሙሉ ከትራፊክ ቅጣት እንጂ ሰላምታ አይቶ ስለማያውቅ ሊያለቅስ ደረሰ።

እንግዲህ ድንጋዩ ተነሳ፣ እንግዳው አለፈ። እንግዳው ሲያልፍ መንገዱ ተከፈተ፤ መንገዱ ሲከፈት አፈሩ መጣ፣ ቦዩ ተደፈነ፤ ቦዩ ሲደፈን ካልሲ ሻጯ ተነሳች፤ ካልሲ ሻጯ ስትነሳ አይሱዙው አራገፈ፤ አይሱዙው ሲያራግፍ ሚኒባሱ ሄደ፣ ያ አንድ ሰው ሳይሞላ ሄደ! ሚኒባሱ ሲሄድ ባለ ቪትዙ ሁለቱንም ጉንጩን ተላጭቶ ወጣ፣ ቪትዟን አነሳ። ቪትዟ ስትነሳ ቅያሷ ውስጥ የሚወጣ ላዳ አልነበረም። ሜላት ሐኪም ቤት ደርሳለች።

ለጥቂት ነው፤ ሐኪሟ ራሷ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብላለች። ማታ ላይ ግን እልልታው ተሰማ። ወንድ ነው። በእግሩ መጣ፤ ከተማውን ሰምቶ መኪና አላመነም አሉ። ስሙን እንግዳወርቅ አሉት፤ እንግዳው ከራሱ፣ ወርቁ ከአያቱ። እግሩ ላይ ቢጫዋ ካልሲ ልክ ሆነች። ትልቁ እንግዳም ንግግራቸውን አደረጉ ይባላል። ከሱሪያቸው ኋላ ክብ ኖራ ታትሞ ነበር፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው አየው፣ ማንም አልነገራቸውም፤ የመንግሥት መስሏቸው ይሆናል።

ሜላት ወደ ቤት ስትመለስ በቅያሷ አፍ ላይ ሌላ መኪና ቆሞ ነበር፤ ለጊዜው። ጋሽ ደርቤ ስቆ በጓሮ ገባ።

በነጋታው አንዲት ጎረቤት ገንፎ ይዛ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች፤ ገንፎው ተበላ፣ ሕፃኑ ተሳመ። ልትወጣ ስትል ወደ እትዬ ወርቄ ጆሮ ጠጋ አለች። «እኔ የምልሽ ወርቄ፣ ያ ድንጋይሽ ዳር ወድቆ አየሁት። የኔን ደጅ መኪና እየቆመ አስመረረኝ። ለጊዜው ብታውሺኝስ?»

እትዬ ወርቄ የሕፃኑን እግር በመዳፏ ያዘች። ሐኪም ቤት የዋለችበት ፍርሃት ሁሉ ተመልሶ መጣባት።

«ውሰጂው» አለች። «ብቻ ኖራውን አጥበሽ ስምሽን በትልቁ ጻፊበት። ምጥ የያዛት ልጅ እናት ከተማውን ስትዞር የማንን በር እንደምታንኳኳ ትወቅ።»

ጎረቤቷ ድንጋዩን ሳትነካው ወደ ቤቷ ሄደች።

ተረቴን መልሱ፣ ድንጋያችሁን አንሱ!